ቁልፉ ሳይሰበር፦ የብራውዘር ዋሌት ሙከራዬ ማስታወሻ ከድሬዳዋ

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የቀትሩ ሙቀት በረድ ብሎ ከዚራ ያለችውን የጥገና ሱቄን ዳግም ስከፍት መጀመሪያ የገባው የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ላፕቶፕ ይዟል፤ ላፕቶፑ ግን ጤነኛ ነው። «ጋሼ፣ የክሪፕቶ፣ የዲጂታል ገንዘብ ዋሌቴ ባዶ ሆነ። የሄደውን መመለስ ትችላለህ?» አለኝ።

አስቀምጬ ሰማሁት። በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ሽልማት ደርሶሃል» ተባለ፤ ሊንኩን ነካ፤ የዋሌቱን ምልክት የለጠፈ ገጽ ተከፈተለት፤ ገጹ «ለማረጋገጥ 12ቱን ቃላት አስገባ» አለው፤ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኖትኮይንና ሃምስተር ኮምባት የተባሉት የቴሌግራም ጨዋታዎች በመጡ ጊዜ በሰፈራችን ስልኩን ሲጠቀጥቅ ያላየሁት ወጣት አልነበረም። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዋሌታቸውን የከፈቱት ያኔ ነው። አከፋፈቱን የሚያሳይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ አጠባበቁን ቁጭ ብሎ ያሳያቸው ግን አላየሁም።

እንደማልችል ነገርኩት። በራስ እጅ የሚያዝ ዋሌት ባንክ የለውም፤ ሒሳቡን የሚያግድ ሥራ አስኪያጅ፣ አቤት የሚባልበት መስኮት የለም። ገንዘቡ የተመዘገበው በሺዎች በሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ በሚቀመጥ መዝገብ ነው፤ ዋሌቱ የዚያ መዝገብ ቁልፍ ብቻ ነው። ዋሌት ሲከፈት የሚሰጡትን 12 ቃላት ያወቀ ሁሉ ደግሞ በመዝገቡ ፊት ባለቤት ነው።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከወጣ ጀምሮ እሱን እያሰብኩ ነው። ነገ የእህቴን ልጅ ጠርቼ ሁሉንም ነገር ከዜሮ ራሴ ልሠራው ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ሶፍትዌር የሚማር ነውና እጁም ዓይኑም ይጠቅመኛል። የምናየውን እዚህ እጽፋለሁ።

አንድ ድንበር አስቀድሜ አሰምራለሁ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በክሪፕቶ መገበያየት በአገራችን ሕጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ብር የሚያወጣ ነገር አንነካም፤ ሙከራው በሙሉ የሚሠራው ሴፖሊያ በሚባለው የኢቴሪየም መለማመጃ ኔትወርክ ላይ ነው። እዚያ ያለው ሳንቲም ዋጋ የለውም፤ አሠራሩ ግን ከዋናው ጋር አንድ ነው።

እሑድ

ከዕቃ ክፍሌ 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ አወጣሁ። ውስጡ የነበረው ዊንዶውስ በክራክ የተከፈተ ነው፤ እኔ ጋ የሚመጡት ላፕቶፖች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ክራክ በነጻ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አብሮት የሚገባ መረጃ ሰራቂ ቫይረስ አለ። የብራውዘር ዋሌት ቁልፉን መስጥሮ የሚያስቀምጠው ብራውዘሩ ባለበት ፎልደር ውስጥ ነው። ሌባው ያንን ፎልደር እንዳለ ገልብጦ ይወስድና ፓስወርዱን በራሱ ማሽን ላይ እያረፈ ይሞክራል፤ ወይም የምትጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል ይለቅማል።

የእህቴ ልጅ «አጎቴ፣ እዚያው ብራውዘር ላይ ሌላ ፕሮፋይል ብንከፍትስ?» አለ። ፕሮፋይል መለየት ጥቅም አለው፤ ኩኪውንና ኤክስቴንሽኑን (ብራውዘር ላይ የሚጫነውን ተጨማሪ ፕሮግራም) ይለያል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ለገባ ቫይረስ ግን ሁለቱም ፕሮፋይሎች አንድ ዲስክ ላይ ያሉ ፎልደሮች ናቸው። የሚለየው ማሽኑ መሆን አለበት።

በዊንዶውሱ ፋንታ የምንጭነውን ኡቡንቱ የተባለ ነጻ ስርዓተ ክወና ሌሊት አውርጄ ነበር፤ ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ቀን አይሞከርም። ከመጫናችን በፊት የፋይሉን ቼክሰም (ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያሳይ መለያ) ከዋናው ድረ ገጽ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያየን። በመጫኑ መሐል መብራት ጠፋ፤ ባትሪው 10 ደቂቃ እንኳ አልያዘም። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ከመጀመሪያው። ዲስኩን ሙሉ በሙሉ መስጥር የሚለውን መርጠናል፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ዲስኩን አውጥቶ የሚያነብ እንዳይኖር።

ሰኞ

ዛሬ ዋሌቱን አወረድን። የመረጥነው ሜታማስክን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያለና በብራውዘር ከሚሠሩት ሁሉ በስፋት የሚታወቀው እሱ ስለሆነ።

የእህቴ ልጅ እንደለመደው ስሙን ፍለጋ ውስጥ ጻፈ። ከላይ የወጣው ውጤት ማስታወቂያ ነበር። ምልክቱ ትክክል፣ ቀለሙ ትክክል፤ አድራሻውን ሳየው ግን አንድ ፊደል ተደግሟል። እጁን ያዝኩት። ደነገጠ፤ «አቦ! እኔ እኮ ልነካው ነበር» አለ። ትክክለኛውን አድራሻ በእጃችን ጽፈን ገባን፤ ከዚያ ወደ ኤክስቴንሽን ማከማቻው የሚወስደውን ሊንክ ተከተልን፤ እዚያም የአሳታሚውን ስምና የተጠቃሚውን ብዛት አየን። ወዲያው ገጹን ቡክማርክ አደረግነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ማሽን ላይ ወደ ዋሌትም ሆነ ወደ ሌላ የክሪፕቶ ገጽ በፍለጋ አንገባም።

ኤክስቴንሽኑ ሲጫን የምትጎበኘውን ገጽ ሁሉ ማንበብና መለወጥ እንዲችል ፈቃድ ይጠይቃል። ለሥራው ያስፈልገዋል። ግን ተመሳሳይ ፈቃድ ያለው ሌላ ኤክስቴንሽን፣ የቪዲዮ ማውረጃ በለው የዋጋ ማነጻጸሪያ፣ የምታየውን ገጽ ሊቀይርብህ፣ የተቀባዩን አድራሻ ሊተካብህ ይችላል። በዚህ ብራውዘር ውስጥ ከዋሌቱ ሌላ አንድም ኤክስቴንሽን አይገባም።

ፓስወርዱን የማይገናኙ አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል አድርገን መሠረትነው። ተረትና ምሳሌ አልተጠቀምንም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይገመታል። ፓስወርዱ የሚቆልፈው እዚህ ላፕቶፕ ላይ ያለውን ቅጂ ብቻ መሆኑን የእህቴ ልጅ እስኪገባው ደጋግሜ ነገርኩት። 12ቱን ቃላት ያገኘ ሰው ፓስወርድ የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

ማክሰኞ

የቃላቱ ቀን። ቀኑን ሙሉ ወስዶብናል፤ ሊወስድም ይገባዋል።

ቃላቱ የሚወጡት እ.ኤ.አ. በ2013 በቀረበ መስፈርት ከተሰናዳ 2,048 የእንግሊዝኛ ቃላት ካሉበት ዝርዝር ነው። ማንም ሰው አእምሮው የወደደውን 12 ቃል አይመርጥም፤ ማሽኑ ዕጣ ያወጣል። የዕጣው ስፋት 128 ቢት ነው፤ በግምት የሚደርስበት ኮምፒውተር የለም። በዝርዝሩ ውስጥ የመጀመሪያ አራት ፊደሎቻቸው አንድ የሆኑ ሁለት ቃላት የሉም፤ ስለዚህ አራቱ ፊደል በደንብ ከተነበበ ቃሉ ይታወቃል።

ስልኮቹን ሌላ ክፍል አስቀምጠን፣ በሩን ዘግተን፣ ቃላቱን በእስክሪብቶ በወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍን። ፎቶ የለም። ብዙ ልጆች ቃላቱን ራሳቸው ለራሳቸው በቴሌግራም ልከው ያስቀምጣሉ፤ ወይም ስክሪኑን ፎቶ ያነሳሉ። ካስፐርስኪ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ስፓርክካት ያለውን ቫይረስ ይፋ አድርጓል፤ በስልክ ጋለሪ ውስጥ ያሉ ፎቶዎች ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ የዋሌት ቃላትን የሚፈልግ ነበር። በዋና ዋናዎቹ የአፕ መደብሮች ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል።

ከዚያ የእህቴን ልጅ ያስገረመውን ነገር አደረግሁ፤ ዋሌቱን አጠፋሁት። አንድም ሳንቲም ሳይገባበት ወረቀቱ እንደሚሠራ ማየት አለብን። ቃላቱን ከወረቀት እያነበበ አስገባ፤ ዋሌቱ አልቀበልም አለ። እንደገና፤ እምቢ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዤ ብመለከተው በሰባተኛው ቦታ የጻፈውን «ዊነር» ራሱ «ዊንተር» ብሎ እያነበበው ነው። ሁለቱም በዝርዝሩ ውስጥ ያሉ ቃላት ናቸው፤ በእጅ ጽሑፍ ሁለት ኤን ከኤንና ቲ ጋር ይመሳሰላል።

ዋሌቱ ስህተቱን ያወቀው የመጨረሻው ቃል ውስጥ ማመሳከሪያ ስለተደበቀ ነው። ይህ ማመሳከሪያ ግን በ12 ቃል ላይ 4 ቢት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከ16 የተሳሳቱ ሙከራዎች በግምት አንዱ ያልፋል። ካለፈ ደግሞ «ስህተት» አይልህም፤ የሌላ፣ ባዶ የሆነ ዋሌት ይከፍትልሃል፤ አንተም የተሰረቅህ ይመስልሃል። ወረቀቱን በትልልቅ የህትመት ፊደል፣ ቁጥር በቁጥር ደግመን ጻፍን። አጠፋን፤ መለስን፤ ያው አድራሻ መጣ። ያኔ ነው የተነፈስኩት።

(ለራሴ፦ ሃልቦርን የተባለ የደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ይፋ እንዳደረገው፣ በአሮጌ የብራውዘር ዋሌት ስሪቶች ላይ የተጻፉት ቃላት ሳይመሰጠሩ ዲስክ ላይ ሊቀሩ ይችሉ ነበር። ዲስኩን መመስጠራችንና ስሪቱን ማደሳችን ያለ ምክንያት አይደለም።)

ረቡዕ

ሐረር ሄጄ መጣሁ። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ከተማ ውስጥ መሆን የለባቸውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ያየ የድሬ ሰው ይህን ሲባል ለምን ብሎ አይጠይቅም። እሳት አለ፣ ምስጥ አለ፣ ሌባም አለ።

ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ በታሸገ ፖስታ ለእናቴ ሰጠኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ክታብ ነው እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ማንም እንዳይከፍተው፣ እርጥበት እንዳይነካው ብቻ ነገርኳት። ሳጥኗ ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር አኖረችው።

ሐሙስ

የመለማመጃ ሳንቲም ፈለግን። በነጻ የሚያድሉ ገጾች አሉ፤ አንዱ ብራውዘሩ ራሱ ሒሳብ እየሠራ እንዲያገኘው ያደርጋል። ላፕቶፑ ጮኸ፤ በድሬ ሙቀት ላይ እጅ የማያስነካ ሆነ፤ ቬንትሌተሩን ወደ እሱ አዞርኩት። ከሰዓታት በኋላ የሚበቃን መጣ። ማንኛውም አዳይ የሚፈልገው አድራሻህን ብቻ ነው። አድራሻ በዜሮና በኤክስ ጀምሮ 40 ምልክት ያለው ለማንም የሚሰጥ ነገር ነው፤ ልክ እንደ ባንክ ሒሳብ ቁጥር።

ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ

የሳምንቱን ሁሉ ድካም የካሰኝ ቀን።

የእህቴ ልጅ ሪሚክስ በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ገጽ ላይ የራሳችንን ቶክን፣ በኢቴሪየም መዝገብ ላይ የሚሠራ የራሳችንን ሳንቲም ሠራ። «ድሬ» አልነው፤ 1,000 ድሬ በእኔ አድራሻ ገባ። እሱ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ሌላ ዋሌት ከፍቶ ሌባውን ሆኖ ተቀመጠ። የእኔን ቃላት አያውቅም፤ ፓስወርዴንም አያውቅም።

ሰዎች የማያስተውሉት ነገር ይሄ ነው። ቶክን መለዋወጫ ገጾች ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት «አፕሩቭ» የሚል ፊርማ ይጠይቁሃል። ይህ ፊርማ ራሱ ገንዘብ አያንቀሳቅስም። ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና እንደ መስጠት ነው፤ ተወካዩ በፈለገው ቀን፣ አንተ ሳትኖር፣ በስምህ ያወጣል። የምትሰጠው መጠን ደግሞ ብዙ ጊዜ ገደብ የለሽ ሆኖ ይቀርባል፤ ቁጥሩ ሲጻፍ 78 አሃዝ ያለው ነው። ቤት ለመሸጥ ብቻ ልዩ ውክልና መስጠት ሲቻል ሙሉ ውክልና ፈርሞ እንደ መውጣት ማለት ነው።

ለእሱ አድራሻ ገደብ የለሹን ፈረምኩለት። ቀጥሎ ከገጹ ጋር ያለውን ግንኙነት «ዲስኮኔክት» አልኩ፤ ዋሌቱን ቆለፍኩ፤ ላፕቶፑን አጥፍቼ ክዳኑን ዘጋሁት። እጄንም ላዩ ላይ አደረግሁ። «በል ውሰድ» አልኩት።

300 ድሬ ጠየቀ። በሴፖሊያ አዲስ ብሎክ (የመዝገቡ አዲስ ገጽ) የሚመጣው በ12 ሰከንድ ነው፤ ያን ያህል እንኳ የቆየ አልመሰለኝም። በመዝገቡ ማሳያ ገጽ ላይ ስንከፍት ከእኔ 300 ወጥቷል፣ 700 ቀርቷል። ላፕቶፑ እጄ ሥር እንደተዘጋ ነው። የእህቴ ልጅ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ውክልናውን ስናይ 300 በመውሰዱ እንኳ አልቀነሰም፤ ያው ገደብ የለሽ ነው።

ከዚያ ውክልናውን ወደ 50 ቀየርኩት። 200 ሊወስድ ሞከረ፤ ተከለከለ። 50 ሞከረ፤ ሄደለት። 650 ቀረኝ። በመጨረሻ ውክልናውን ወደ ዜሮ አወረድኩ፤ 1 ድሬ እንኳ ሊወስድ አልቻለም። መሻሩም እንደ መስጠቱ በመዝገቡ ላይ የሚጻፍ ድርጊት ስለሆነ ትንሽ የጋዝ ክፍያ፣ ማለትም የኔትወርኩ የአገልግሎት ክፍያ አለው። የገጹን ግንኙነት ማቋረጥ ግን ውክልናን አይሽርም፤ ይህን በዓይናችን አየን።

ስለዚህ የዚህ ማሽን ደንብ፦ ውክልና ስንፈርም የሚወጣውን ገደብ የለሽ ቁጥር አጥፍተን ለዚያ ቀን ሥራ የሚበቃውን ብቻ እንጽፋለን። የሰጠናቸውን ውክልናዎች የሚዘረዝሩ ገጾች አሉ፤ በወር አንዴ ከፍተን የማያስፈልገውን እንሽራለን።

ቅዳሜ

ትናንት ያየነው ውክልና ጋዝ ስለሚያስከፍል ቢያንስ ያነቃል። «ፐርሚት» የሚባለው ግን ያንኑ ውክልና በፊርማ ብቻ ይሰጣል፤ አንዲት ሳንቲም አያስከፍልም፤ በመዝገቡም ላይ ሌባው እስኪጠቀምበት ድረስ አይታይም። በራሳችን ቶክን ላይ ሞከርነው። የሚወጣው መስኮት «ግባ» ከሚለው ተራ ፊርማ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱን የሚናገሩት ውስጡ ያሉት መስመሮች ናቸው፦ ባለቤቱ ማን ነው፣ የሚያወጣው ማን ነው፣ ስንት ነው፣ እስከ መቼ ነው። «የሚያወጣው» የሚል መስመር ካየህ የምትፈርመው መግቢያ አይደለም።

የማይነበብ ነገር ደግሞ አይፈረምም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 21 ቀን 2025 ባይቢት ከተባለው መገበያያ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኢቴሪየም የወጣው ቁልፍ ተሰብሮ አልነበረም። ፈራሚዎቹ በብራውዘራቸው ያዩት የተለመደ ዝውውር ነው፤ ገጹ ከጀርባ ተቀይሮ ነበር፤ የፈረሙት ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ቁልፉን ለብቻው በሚይዝ መሣሪያ ነበር የሚፈርሙት። መሣሪያው ጥሩ ነገር ነው፤ ብር የሚያወጣ ነገር የያዘ ሰው ቁልፉን ከብራውዘር አውጥቶ እሱ ውስጥ ቢያደርግ እመክራለሁ። ግን መሣሪያውም የሚጠብቅህ ትንሿ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ስታነብ ነው።

የእህቴ ልጅ የሚፈርመውን ሁሉ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። መጀመሪያ አፈረ። በኋላ ለመደው።

እሑድ

አጭር ቀን። ከዝውውር ታሪክ ላይ አድራሻ እየገለበጡ መላክ የሚያመጣውን አየን። ሌቦች መጀመሪያውና መጨረሻው ከወዳጅህ አድራሻ ጋር የሚመሳሰል አድራሻ በኮምፒውተር ያወጡና ኢምንት ዝውውር ይልኩልሃል፤ ታሪክህ ውስጥ ይገባል፤ ሳታስተውል እሱን ትገለብጣለህ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 አንድ ሰው በዚህ መንገድ ወደ 68 ሚሊዮን ዶላር ልኮ ነበር፤ ብዙው ተመልሶለታል፤ ለሌላው ሰው እንዲህ አይሆንም። እኛ የምንልክላቸውን አድራሻዎች በዋሌቱ ውስጥ በስም መዝግበናል፤ ከመላካችን በፊትም መሐሉን ጨምረን እናነባለን።

ሰኞ

የሳቢያኑ ልጅ ተመልሶ መጣ። «ፓስወርዱን ቀይሬዋለሁ፤ አሁን ብጠቀምበት ችግር አለው?» አለኝ። እንኳን መጣ። ቃላቱ ሌላ ሰው እጅ ከገቡ በኋላ ፓስወርድ መቀየር ምንም አያደርግም፤ በዚያ አድራሻ የሚገባ ነገር ሁሉ ይወጣል። ያንን ዋሌት እርግፍ አድርጎ ትቶ በአዲስ ቃላት መጀመር አለበት። ያውም መጀመሪያ ላፕቶፑ ከጸዳ በኋላ ነው፤ ክራኩን አየሁበት።

የእህቴ ልጅ የዓርቡን ሙከራ አሳየው። የ300 ድሬዋን መውጣት ሲያይ ሁለት ጊዜ ድገምልኝ አለ። ላፕቶፑን እኔ ጋ ትቶት ሄደ፤ በነጻ አጸዳለታለሁ።

ማክሰኞ ማታ

እናቴ ከሐረር ደወለች። ቤቱን ልታስቀባ ስለሆነ ሳጥኑን እያወጣች ነው፤ ፖስታውን ወዴት ታድርገው? ከካርታው ሳትለየው እንድታስቀምጠው ነገርኳት።

«እሺ» ካለች በኋላ ትንሽ ዝም አለችና «አንተ ባትኖርስ ልጄ፣ ለማን ነው የምሰጠው?» አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ሌባን ስንከላከል ይህን አላሰብኩትም ነበር። እኔ ብሞት ይህን ዋሌት የሚከፍት ፍርድ ቤት የለም፤ የወራሽነት ማስረጃ የሚቀበል መስኮትም የለም፤ ያለው ያ ወረቀት ብቻ ነው። እስክሪብቶ እንድታመጣ ጠየቅኳትና ፖስታው ላይ የእህቴን ልጅ ስም አጻፍኳት። ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራች ጻፈችው።